የእኔ አበባ፣ የይመር ፎቶ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጄ ማኅሌት ሳሎኑን የሰርግ ቤት አስመስላው አገኘኋት። የመስቀል ሰሞን ስለሆነ ከወንዙ ዳር አደይ አበባ ለቅማ፣ ከእናቷ ጓሮ ጽጌረዳ ቆርጣ፣ ሁሉንም በውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ደርድራለች። ከኋላው የሚያብረቀርቀውን አዲሱን መጋረጃ ዘርግታ በእናቷ ስልክ ታነሳለች። ለትምህርት ቤቷ የተፈጥሮ ክበብ የአበባ ፎቶ አምጡ ተብለው ነው። ስልኩ ብልጭ ባለ ቁጥር አበባው እንደ ደነገጠ ሰው ፊት ይነጣል።

እኔ ልጆቼ ስልክ ሲያበዙ አልወድም። በቤታችን ስልክ ሰዓት አለው፤ ከዚያ ውጭ የያዘ ይቀጣል። "አስቀምጪ" ልላት አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ብልጭታውን አጥፊው። መጋረጃውን አንሺው። አበባውን ወደ በሩ አምጪና አንቺ ወደ እሱ ዝቅ በይ።"

እንዳልኳት አደረገች። ፎቶውን አይታ "እማዬ፣ ነይ እዪ!" ብላ ጮኸች። ከጓዳ የወጣችው እናቷ በትከሻዋ ላይ አሻግራ አየችና፣ "አባትሽ ያልሞከረው ምን አለ? ሁሉንም በራሱ ነው የተማረው" አለቻት። እኔም እንደ ልማዴ ሙገሳውን በዝምታ ተቀበልኩ። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ግን የይመር ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። እንዲያ ያለ ሳቅ የነበረው በዚህ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ የያዝኩት ሥራ ብዙ ነው። የሱቅ ታፔላ ጽፌያለሁ፤ የመብራት ገመድ ዘርግቻለሁ፤ በር ሰቅያለሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እያየሁ፣ እያበላሸሁ፣ እንደገና እየሠራሁ ነው የለመድኩት። አበባ መደርደርንም እንዲሁ ስኳር ከተጠቀለለበት የመጽሔት ገጽ ላይ ነው የጀመርኩት። ገጹ ላይ አንድ ማስቀመጫ ሙሉ አበባ ነበረ። ስኳሩን ለእናቴ ገልብጬ ገጹን አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት።

በጊዜው የመካነ ሰላም ሰርግ የሚያጌጠው ከደሴ በሚመጣ የላስቲክ አበባ ነበር። አንዱ አበባ አሥር ሰርግ ያያል፤ አቧራው ላዩ ላይ ይጋገራል። እኔ ነኝ ትኩስ አበባ ያስገባሁት። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ሲበዛ በጠዋት ተነስቼ፣ ሣሩ ላይ ያለው አመዳይ ሳይረግፍ ወደ ዳገቱ እወጣ ነበር። ጦስኝ እነቅላለሁ፤ ሽታው ቀኑን ሙሉ ከእጄ አይለቅም። ከማሳ ዳር አጃ የሚመስል የደረቀ ስናር፣ ከጅረቱ አጠገብ ነጩን የረግረግ አበባ እሰበስባለሁ። ጽጌረዳ ከየሰው ግቢ እለምናለሁ። ሰውም "የደምሴ አበባ" እያለ ጠራው። ያችን ስም እንዴት እንደምወዳት ለማንም አልተናገርኩም። ግን መንገድ ላይ ስሄድ ጆሮዬን አቁሜ እፈልጋት ነበር።

ይመር ጎረቤቴ ነው። አባቱ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ እሱ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ከመሸጥ ይልቅ ደንበኛ ማሳቅ ይቀናዋል። አብረን አድገናል። በእነሱ ዒድ እኔ እነሱ ቤት፣ በእኛ ፋሲካ እሱ ለሰላምታ እኛ ቤት ነን። በዚያ ዓመት ዓረብ አገር ያለች እህቱ ታች ስልክ ላከችለት። ከተማው ውስጥ ታች ስልክ የያዘ በጣት ይቆጠር ነበር። ሌሎቹ ዘፈን ሲሰሙበት እሱ ያገኘውን ሁሉ ያነሳ ጀመር፤ የጨርቅ ጥቅል፣ የአህያ ጆሮ፣ የእናቱን እጅ። እኛ ቤት መጥቶ ስደረድር ቁጭ ብሎ ያያል፤ ያነሳል። አልከለከልኩትም።

የአንድ ነጋዴ ልጅ ስትዳር የሙሽሮቹን ጠረጴዛ በአበባ ያስጌጥኩት እኔ ነኝ፤ ይመርም አነሳው። በማግስቱ ሻይ ቤት ገብቼ ፓስቲ አዝዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ስልክ ይቀባበላሉ።

"የይመርን አበባ አየኸው?"

"የትኛው ይመር?"

"የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነዋ! ገጹ ላይ ለጥፎታል።"

"ማሻአላህ! ይሄ ልጅ አበባም ይሠራል እንዴ? ወላሂ እጁን ይባርከው።"

የነከስኩትን ፓስቲ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሻዩን ሳልጨርስ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

"ፎቶው ላይ ማን ሠራው ብለህ ጻፍክ?"

"ምንም አልጻፍኩም። ፎቶውን ብቻ ነው የለጠፍኩት።"

"ሰው ያንተ ነው እያለ እኮ ነው!"

"ሰምቻለሁ።" ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ። "ልዋሽህ እንዴ ደምሴ? 'ያንተ ነው ወይ' ሲሉኝ ደስ አለኝ። ዝም አልኳቸው። አሁን አስተካክለዋለሁ፤ አብሽር።"

እዚያው ፊቴ "አበባውን የሠራው ደምሴ ነው" ብሎ ጻፈ። ነገሩ እዚህ ማብቃት ነበረበት። ሰውየው አጠፋሁ አለ፤ አረመ። አላበቃም። አንደኛ፣ ሰው ፎቶ ያያል እንጂ ከሥሩ የተጻፈውን አያነብም፤ ስለዚህ "የይመር አበባ" ማለቱን ቀጠለ። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውም እሱን ነው። ያን ቀን ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን በደንብ አየሁት። ፎቶው ውስጥ ያለው አበባ እኔ ከሠራሁት አበባ ይበልጥ ነበር። እኔ ያላየሁትን ጥላ አይቶ፣ እኔ ጥግ ላይ የወሸቅኳትን አንዲት የስናር ራስ ብርሃን ውስጥ አውጥቷታል። ሌባ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሌባ አልነበረም። የእኔኑ ሥራ ከእኔ በላይ ያየ ሰው ነበር። ይህን ይቅር ለማለት የሚያስችል ልብ በዚያ ዕድሜዬ አልነበረኝም።

ቅናት እንዲህ ነው። ጠላት ላይ አይበረታም፤ ጎረቤት ላይ ነው የሚበረታው። የማላውቀው ሰው አዲስ አበባ ላይ በአበባ ቢከብር እንቅልፌን አላጣም ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደሴ የሰርግ ማስዋቢያ ቤት ያላቸው አንድ ወይዘሮ ለይመር ደወሉ። ፎቶዎቹን አይተዋል። ለፋሲካ ማግስት ሰርጎች አንድ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሥራው ካማራቸው ቋሚ ነው። ይመር ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣና "እትዬ፣ አበባውን የሚሠራው ይኸው" ብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

"አዲስ ሥራ ሠርተህ ፎቶውን እስከ ሰኞ ላክልኝ" አሉኝ። "እሱን አይቼ እወስናለሁ።"

ደሴ! ታፔላ ከመጻፍና በር ከመስቀል የሚያወጣኝ ሥራ። ዘጠነኛ ክፍል የቆመው ልጅ በሙያው ተፈልጎ ሲሄድ ታየኝ።

"በቃ፣ አንተ ሥራ፣ እኔ ላንሳ" አለ ይመር። "ሥራው ውስጥ ገባህ ማለት ነው።"

"የራሴን አበባ ራሴ አነሳለሁ።"

እሱም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "እንግዲያው በዚህ አንሳ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እወስደዋለሁ።" እዚህ ላይ ደግነቱ ራሱ አናደደኝ።

ቅዳሜ እናቴ ገበያ ወጣች። እኔ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያሳደርኩትን አበባ በሙሉ አወጣሁ። በሕይወቴ ያን ያህል አበባ በአንድ ማስቀመጫ ደርድሬ አላውቅም። ነጩን መሐል፣ ጽጌረዳውን ዙሪያ፣ ጦስኙን ከሥር፤ ከኋላ ለሙሽሮች ወንበር የምንጠቀምበትን የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ሰቀልኩ። አሁን ሳስበው የሚያስቀኝን ነገር ያደረግኩት ከዚህ በኋላ ነው። አበባው አልወዛ አለኝ። የይመር ፎቶ ላይ ቅጠሉ ሲያበራ አይቻለሁ፤ የእኔ ቅጠል ደረቅ መሰለኝ። በእኛ አገር አንድ ነገር እንዲወዛ ሲፈለግ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ጸጉር ሲደርቅ ቅቤ ነው፤ ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ ነው። ጓዳ ገባሁና የእናቴን ለጋ ቅቤ አወጣሁ። እያንዳንዱን ቅጠል፣ እያንዳንዱን የጽጌረዳ ጉንጭ በጣቴ ቀባሁ። ሲያበራ ደስ አለኝ።

ከዚያ ብርሃን በበዛ ቁጥር ፎቶ ያምራል ብዬ ማስቀመጫውን እኩለ ቀን ላይ ግቢው መሐል አወጣሁት። ለብርሃን ስስታም አልነበርኩም፤ ከፀሐዩ ላይ ብልጭታውንም ጨመርኩበት። ቀጥ ብዬ ቆሜ ከላይ ወደ ታች፣ ሃምሳ ጊዜ ያህል አነሳሁ። ነጩ አበባ ሊጥ መሰለ። ጨርቁ ዓይን ይወጋል። የራሴ ጭንቅላት ጥላ ጽጌረዳው ላይ ወድቋል። ሌንሱን የነካሁት በቅቤ እጄ ኖሮ ሁሉም ነገር ጭጋግ ውስጥ ነው። በጭጋጉ መሐል ደግሞ ጥቁር ጥቁር ነጥቦች አየሁና ምንድን ናቸው ብዬ ወደ አበባው ቀና ስል ዝንቦች ናቸው። የግቢው ዝንብ ሁሉ ተጠራርቶ ሰፍሮበታል። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ አበባውን መጥበስ ጀምሯል፤ የጽጌረዳው ጠርዝ ቡናማ ሆኗል።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ የቅቤውን ቅል ከፍታ አየች፤ ከዚያ ግቢውን አየች።

"ቅቤዬን ምን አደረግኸው?"

"አበባውን ቀባሁት።"

"አበባ ጭንቅላት አለው እንዴ? ሲበላው ነው የቀባኸው?"

አሥር ሰዓት ግድም ይመር ለስልኩ መጣ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው፤ አልቻለም፣ ፈነዳ። ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። እናቴም አብራው ሳቀች። እኔ ማስቀመጫውን አንስቼ ከነአበባው አጥር ጥግ ደፋሁት።

"ተው ደምሴ፣ ተው! ሌላ አበባ የለህም?"

"የለኝም።"

አልሰማኝም። ግቢውን በዓይኑ ሲዳስስ ቆይቶ በሩ ሥር ያለውን የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አየ። ስደረድር የተረፈኝን ቁርጥራጭ ዝም ብዬ የሰካሁበት ነው፤ አንዲት ጉንጯን ትል የነካት ጽጌረዳ፣ ጥቂት ጦስኝ፣ ሦስት የስናር ራስ። ቅቤ አልደረሳቸውም።

ቆርቆሮውን ወደ ቤት አስገባና ከበሩ አንድ ክንድ ራቅ አድርጎ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። መስኮቱን ዘጋ፤ ብርሃን በበሩ ብቻ እንዲገባ። እናቴን "እማማ፣ ነጠላዎትን ትንሽ ያውሱኝ" አላትና ነጠላዋን በጨለማው በኩል ወንበር ላይ ሰቀለው፤ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ነጠላው ላይ አርፎ ወደ አበባዋ በለሆሳስ ተመለሰ። ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ትንፋሽ ሰጥቶ እንደገና ጠረገ። ቆርቆሮውን ቀስ እያለ አዞረው።

"አበባም ፊት አላት" አለ፣ ለእናቴ ይሁን ለእኔ ሳይታወቅ። "ፊቷን ወደ ብርሃኑ ነው የምታዞርላት። የታመመ ጉንጯን ወደ ጥላው።"

ከዚያ ተንበረከከ፤ ዓይኑ ከጽጌረዳዋ እኩል እስኪሆን። ከሩቅ ሆኖ አላጎላም፤ ራሱ ተጠጋ። ጽጌረዳዋን በጣቱ ስክሪኑ ላይ ነካና ጣቱን ወደ ታች ሳብ ሲያደርገው ሥዕሉ ትንሽ ጠቆረ፤ የአበባዋ ቀይ ግን ጠለቀ። ፀሐይ በደመና እስክትሸፈን ጠበቀ። ሦስት ጊዜ ብቻ አነሳ።

እኔስ? እኔ መጥረጊያ ይዤ የጸዳ ወለል እጠርግ ነበር። እያንዳንዷን ነገር በልቤ እጽፋለሁ። በሩን፣ ነጠላውን፣ ጉልበቱን፣ ጣቱን። በዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት ቆይታዬ እንደዚያ ቀን ልብ ብዬ የተማርኩበት ክፍለ ጊዜ የለም።

ፎቶውን ላክነው። ሰኞ ወይዘሮዋ ሲደውሉ ይመር ሁለታችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"ጽጌረዳዋን አየኋት" አሉ። "እንዲህ ያለ ፎቶ ለቤቴ ቢኖረኝ ደንበኛ ከየት ይቀርብኝ ነበር? አበባ የሚደረድርልኝ እንኳ እዚሁም አላጣም። ያነሳውን ልጅ ላኩልኝ።"

"አበባውን የሠራው እሱ ነው እትዬ፤ ደምሴ" አለ ይመር።

"ገብቶኛል የኔ ልጅ። እኔ የምፈልገው አንሺውን ነው።"

ይመር ስልኩን በእጁ ሸፍኖ አየኝ። "ምን ልበላቸው?"

ዓይኑ ላይ ጉጉቱን አየሁት። የጨርቅ ሱቁን ትቶ መሄድ እንደሚፈልግ አየሁ፤ እኔ "ሂድ" ካላልኩት ደግሞ ደስታው ጎደሎ እንደሚሆን አየሁ። አንዲት ቃል ነበር የሚጠብቀው።

"እኔ ምን አገባኝ" አልኩት።

ሄደ። ሊሄድ ሲል እናቱ እትዬ ዘሀራ ዱዓ አድርገው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ለእኔ ሁለት ጊዜ ላኩብኝ። አልሄድኩም፤ በር እየሰቀልኩ ነው አልኩ። በማግስቱ የደሴው መኪና ሲነሳ አጥር ተከልዬ አየሁት። አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ ወደኋላ ዞር ብሎ ሰፈሩን አየ። ረዳቱ ጮኸበትና ገባ። አቧራው እስኪረግፍ እዚያው ቆምኩ።

በዓመቱ እኔም ታች ስልክ ያዝኩ። አበባዬን በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ነጠላ ሰቀልኩ፤ ሌንስ ጠረግኩ፤ ተንበረከክኩ፤ ደመና ጠበቅኩ። አንድም ነገር አልጨመርኩበትም፣ አንድም አልቀነስኩለትም። ፎቶዎቼ አማሩ። ከከላላና ከደጎሎ ሳይቀር ሰርግ ያለው ሰው ይፈልገኝ ጀመር። "የደምሴ አበባ" ተመለሰ። "የደምሴ ፎቶ"ም ተጨመረበት።

ይመር ለዓረፋ መጣ። ያችው ሻይ ቤት ውስጥ፣ አምስት ስድስት ሰው በተቀመጠበት አገኘኝ። አቅፎ ሳመኝ። ስልኬን ተቀብሎ ፎቶዎቹን ወደ ጎን እየገፋ አየ። በሩን አወቀው። ነጠላውን አወቀው። ቀና ሲል ዓይኑ ይስቅ ነበር።

"ማሻአላህ ደምሴ! እንዲህ ማንሳት ከማን ተማርክ?"

ይህ ጥያቄ በር ነበር፤ ከፍቶ ነው የሰጠኝ። "ከአንተ ነዋ፣ አንተ ሰይጣን!" ብዬ ብመልስለት ሁላችንም እንስቅ ነበር፤ ያለፈው ዓመት እዚያው ያልቅ ነበር። ሰዎቹ ይጠብቃሉ። እሱም ይጠብቃል።

"ከማንም" አልኩ። "በራሴ ነው።"

ዓይኑ ውስጥ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የከሰመው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠልኝ።

"እንዲያ ነው እንጂ" አለ። "በርታ።" ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። እስካሁንም ለበዓል እንደዋወላለን፤ ለቅሶም እንደራረሳለን። ደሴ ላይ የራሱን ፎቶ ቤት ከፍቷል። ስለ ፎቶ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አንስቶብኝ አያውቅም።

ልጆቼን ሳሳድግ ስንት ጊዜ "እኔ ማንም ሳያስተምረኝ" ብዬ እንደሰበክኩ እግዚአብሔር ይወቀው። የቤት ሥራ ሲያቅታቸው፣ ሲያለቅሱ፣ ይህችኑ አመጣ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ታፔላውና ገመዱ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን የሰው ነው፤ ሰውየው ስሙን እንዳነሳለት ቁጭ ብሎ ጠብቆኝ ነበር። ስሜን ወሰደብኝ ብዬ ተቆጥቼ ነበር፤ እሱ በዚያው ቀን አርሞታል። እኔ ስንት ዓመት ሳላርም ኖርኩ።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት እሁድ ማታ ነው። ትናንት ማኅሌት ፎቶውን አሳትማ አመጣች። የክበቡ መምህር ከሥሩ ማን እንዳነሳውና ማን እንዳስተማረ ይጻፍ ብሎ ኖሯል። ጽፋዋለች፤ "ያስተማረኝ፦ አባቴ አቶ ደምሴ።"

"ሰርዢው" አልኳት።

"ለምን አባዬ?"

"ይመር ብለሽ ጻፊ።"

"ይመር ማነው?"

"ጓደኛዬ ነው። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው።"

ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ከእኔ አፍ "ያስተማረኝ" የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። እስክሪብቶዋን አነሳችና፣ "ያንተንስ ከጎኑ ልተወው? ለሁለታችሁም ይበቃል እኮ፤ ቦታ አለው" አለችኝ።

ወዲያው መለስኩላት ብል ደስ ባለኝ። አልመለስኩም። ቦታውን አየሁት፤ እውነትም ለሁለት ስም ይበቃል። ሽበት አብቅዬ፣ ልጅ አሳድጌ፣ በአንዲት ወረቀት ላይ ካንድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ጋር ስፍራ ስሻማ ራሴን አገኘሁት።

"የእኔን ሰርዢው" አልኳት በመጨረሻ።

ልጄ ጠንቃቃ ናት፤ ማስመሪያ አምጥታ ነው የሰረዘችው። መስመሩ ስሜ ላይ ሲያልፍ አሁንም ቆረጠኝ።